በባሮ ዳር የሚታተም የመልካም ምኞት ካርድ

ለዛሬው የጥበበ እድ ትምህርታችን የመረጥነው ርእሰ ነገር፣ በወረቀትና በእጅ በተቀረጸ ማኅተም ኅብረ ቀለሙ ያማረ የመልካም ምኞት ካርድ ማዘጋጀት ሲሆን፣ ትምህርቱ በተለይ በጋምቤላ ከተማና በክልሉ ወረዳዎች ለሚገኙ መምህራን፣ ተማሪዎችና ወላጆች የታሰበ ስለ ሆነ፣ የምንጠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ከገበያው፣ ከጓሮውና ከባሮ ወንዝ ዳር የማይጠፉ እንዲሆኑ ተጠንቅቀናል። እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ከአጠገባችሁ ብታደርጉ መልካም ነው፤ ልክና ስሌት የሚጻፍበት ቦታ አለና።

ካርድ መላላክ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚሉ ሰዎች እውነታቸው ግማሽ ነው። በማተሚያ ቤት ተባዝቶ ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው የገና ካርድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለው እንግሊዛዊ ጆን ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ አሠርቶ በለንደን ያወጣው ነው፤ ለዚህም መንገድ የጠረገለት ከሦስት ዓመት አስቀድሞ በዚያው አገር የፖስታ ቴምብር ወጥቶ፣ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ከዳር እስከ ዳር መድረስ መቻሉ ነበር። ዳሩ ግን የዐውደ ዓመትን ሰላምታ በሥዕል ገልጦ፣ በገዛ እጅ አዘጋጅቶ ከደጃፍ ደጃፍ ማድረስ፣ እኛ ዘንድ ከማንም ያልተቀዳ የራሱ ሥርዓት አለው። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ሴቶች ልጆች እንግጫና አበባ ይዘው እየዘፈኑ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በጳጉሜን ሲሥሏቸው የሰነበቱትን አበቦች፣ ፀሐዮችና መላእክት ታቅፈው ወደ ጎረቤት ይዘልቃሉ፤ ባለቤቱም ሥዕሉን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ለልጁ ሳንቲም ወይም ቁራሽ ድፎ ዳቦ ሰጥቶ፣ ከዓመት ዓመት ያድርስህ ብሎ መርቆ ይሸኘዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየከተማው አንዱን ሥዕል በፎቶ ኮፒ አባዝቶ፣ አንዳንዴም ቀለም እንኳ ሳይቀቡት ማደል እየተለመደ መጥቷል። ልጆቹን አንወቅስም፤ ሃያ ቤት ሃያ ሥዕል ይጠይቃልና፣ ለአንድ ሕፃን በጥቂቶቹ የጳጉሜን ቀናት ይህን ሁሉ በእጁ መሣል ይከብደዋል። ይህን ችግር የሚያቃልለው ማኅተም ነው፤ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ብዙ ጊዜ ይታተማል፣ ነገር ግን የቀለሙ ብዛትና የእጁ ጫና በየወረቀቱ ስለሚለያይ፣ ሃያው ካርድ ሃያ ወንድማማቾች ይሆናል እንጂ አንድ መልክ አይሆንም።

ማኅተም ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የዐፄ ቴዎድሮስ ማኅተም የአንበሳ ሥዕልና ጽሕፈት የተቀረጸበት ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ባዘዙ ጊዜ፣ ኤዥን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጺ ያዘጋጃቸው 7 ዓይነት ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ፤ ዋጋቸው ዝቅ ባሉት በ4ቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ዋጋቸው ከፍ ባሉት በ3ቱ ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ይታይ ነበር። የጋምቤላ የፖስታ ታሪክ ግን ከዚህ ለየት ያለ ነው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል ምኒልክ በባሮ ዳር ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ከፈቀዱ በኋላ፣ ጣቢያው በሱዳን መንግሥት አስተዳደር ሥር ሆኖ እስከ 1949 ዓ.ም. ቆይቷል፤ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ሸቀጥ ጭነው ይመጣሉ፣ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የወረደውንም ቡና ጭነው ይመለሳሉ። በጣቢያው የነበረው የሱዳን ፖስታ ቤት ስለ ሆነ፣ ከጋምቤላ በሚወጣው ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው በግመል ተቀምጦ በረሃ የሚያቋርጥ መልእክተኛ የተሣለበት የሱዳን ቴምብር ነበር። ጉማሬ ከሚተኛበት፣ ሣሩ ቆሞ የሚሄደውን ሰው ከሚሰውርበት አገር የሚነሣ ደብዳቤ የግመል ሥዕል ለጥፎ መሄዱ ፈገግ ያሰኛል፤ ግመሉ ለካርቱም እውነት ነው፣ ለባሮ ግን እንግዳ ነው።

ዛሬም ብንመለከት ከዚያ እምብዛም አልራቅንም። በየሱቁ የተሰቀለው ካርድ በረዶ የለበሰ ጥድ፣ ከሌላ ዓለም የተቀዳ ጽጌረዳ፣ ወይም ወርቃማ ቀለም የተረጨበት ሻማ ነው፤ አገራዊ ነው የምንለው የአደይ አበባ ካርድ እንኳ የደጋው መስከረም መልክ ነው እንጂ፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ በሙቀት ውስጥ የምትኖረው የጋምቤላ መስከረም መልክ አይደለም። አደይን የሚጠላ የለም፤ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ለሚኖር ዘመድ የሚላክ ካርድ ግን፣ ላኪው ያለበትን አገር ይዞ ቢሄድ ተቀባዩ ከሰላምታው ጋራ የማያውቀውን ምድር ያያል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንቀርጻቸው ማኅተሞች የማንጎ ቅጠል፣ የባሮ ዓሣ፣ በጎደሬ ጫካ በመዠንግሮች እጅ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው የንብ ቀፎ፣ የአኙዋክና የኑዌር ዶቃ፣ እንዲሁም በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ መካከል በመንጋ የሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ይሆናሉ።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ማኅተም ማንም ሳይቀርጸው ተቀርጾ የተገኘው ባሚያ ነው። ጠንከር ያለውን፣ ለወጥ ያለፈበትን ባሚያ መርጣችሁ፣ ከወገቡ ላይ በስለታም ቢላ አንድ ጊዜ ብቻ አግድም ቁረጡት፤ የተቆረጠውን ፊት ብትመለከቱ አምስት ወይም ከዚያ የበለጡ ክፍሎች በመካከለኛው ነጥብ ዙሪያ ተሰብስበው አበባ ሠርተው፣ በእያንዳንዱም ክፍል ውስጥ ነጭ ፍሬ ተቀምጦ ታያላችሁ። ወዲያው ቀለም ውስጥ ከነከራችሁት ግን የሚያዝለገልገው ፈሳሹ ቀለሙን ያባርረዋል፤ ስለዚህ የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ በጨርቅ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጡትና ፈሳሹን ይምጠጥለት። ከዚያ ጫፉን ይዛችሁ ቀለም አስነክታችሁ ወረቀቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑትና፣ ሳታንሸራትቱ ወደ ላይ አንሡት። በቢጫ የታተመ የባሚያ አበባ፣ ከጎኑ በአረንጓዴ ቀለም የተነካ እውነተኛ የማንጎ ለጋ ቅጠል ቢያርፍበት፣ ከዚህ ሌላ ጌጥ የማይፈልግ ካርድ ይሆናል። ቅጠሉ ሲታተም ጅማቱ በጎላበት በጀርባው በኩል ቀለም ይቀባል እንጂ በለሰለሰው ፊቱ አይደለም።

ከደጋ ተጭኖ የሚመጣውን ድንች ሳትጠብቁ፣ በስኳር ድንችና በካሳቫ ሥር ላይ ቀለል ያሉ ቅርጾችን፣ ማለትም ጨረቃን፣ ታንኳን፣ የዓሣ ገላን መቅረጽ ይቻላል። ጥሬ ካሳቫ መርዝነት ያለው ንጥረ ነገር ስላለው፣ ልጆች ቁራሹን ወደ አፋቸው እንዳይወስዱ መምህሩ ይጠንቀቅ። የሥራሥር ማኅተም ዕድሜው በጋምቤላ ሙቀት ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ይጨማደድና መስመሩ ይጠፋል። በጃፓን ዓሣ አጥማጆች የያዙትን ዓሣ ራሱን ቀለም ቀብተው ወረቀት እየጫኑበት መልኩን ያስቀሩ ነበር፤ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በየቀኑ ለገበያ በሚወጣበት ከተማ ይህን መሞከር ለሚሻ ሰው፣ ዓሣው በጨው ታጥቦ በደንብ መድረቅ እንዳለበትና ቀለሙም እጅግ መሳሳት እንዳለበት ከመናገር በቀር የምንጨምርለት የለም።

ለዓመታት የሚያገለግል ማኅተም የፈለገ ግን የአረጀ ነጠላ ጫማ ይፈልግ። የጫማው ስፖንጅ በምላጭ በቀላሉ ይቆረጣል፣ ቀለም ይይዛል፣ በሳሙናም ይታጠባል። የባጃጅ ጎማ ካላማዳሪያም እንዲሁ በመቀስ ተቆርጦ በእንጨት ቁራጭ ላይ በኮላ ቢለጠፍ መልካም ማኅተም ይወጣዋል። በሁለቱም ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ ከፍ ብሎ የቀረው ይታተማል፣ ተቆርጦ የወረደው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ምላጩን ስትይዙ ወደ ውጭ እንጂ ወደ መያዣው እጃችሁ አትቁረጡ፤ የመስመሩንም ግድግዳ ቀጥ አድርጋችሁ አትጣሉት፣ ጥቂት ወደ ውጭ አጋድማችሁ ቁረጡት፤ ከሥሩ የሳሳ መስመር በጫና ጊዜ ይታጠፋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሥዕሉን ይሣሉ፣ ቀለሙንም ያትሙ፤ ምላጩን ግን ትልቅ ሰው ይያዝ።

ነጭ ጆሮ ቆርኬ ሁለት ቀለምን ለመማር የተፈጠረ የሚመስል እንስሳ ነው። ሴቷ ቀላ ያለች ቡናማ ስትሆን፣ የደረሰው ወንድ ግን ገላው ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ነው። ለእርሷ አንድ ማኅተም ይበቃል። ለእርሱ ግን በመጀመሪያ ገላውን በሙሉ የሚይዘውን ማኅተም ትቀርጻላችሁ፣ የጆሮውንና የዓይኑን ዙሪያ ቦታ ቆርጣችሁ ታወጣላችሁ፤ ነጩን የሚሰጠው ወረቀቱ ራሱ ነውና ነጭ ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ቀጥሎ ሣሩንና ሰማዩን የሚያሳይ ሁለተኛ ማኅተም ይቀረጻል። ፈዛዛው ቀለም ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ጥቁሩ ይከተላል፤ በመካከሉም የመጀመሪያው ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ሁለቱ ማኅተሞች በየካርዱ በአንድ ቦታ እንዲያርፉ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ሁለት ቀጫጭን የእርሳስ ነጥቦች አድርጋችሁ የማኅተሙን ማዕዘን በነጥቦቹ ላይ ግጠሙ፤ ነጥቡ በኋላ በላጲስ ይጠፋል።

የዶቃው ሥራ ከዚህ ይቀላል፤ የእስክሪብቶ ክዳን ወይም ቀጭን ሸምበቆ ጫፉ ቀለም ሲነካ ክብ ቀለበት ስለሚያትም፣ ክቦቹን በቀይና በሰማያዊ ተራ አሰልፎ የካርዱን ዙሪያ መክበብ ይቻላል። የአኙዋክ መኳንንት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የዶቃ ሐብል የማዕርጋቸው ትእምርት አድርገው ይይዙ እንደ ነበር የሚያውቅ መምህር፣ ይህን በክፍል ውስጥ ቢተርክ የካርዱ ጠርዝ የታሪክ ትምህርት ይሆንለታል። የቤተ ክርስቲያን ቁም ጸሐፊዎች በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚያስጌጡትን ሐረግ የለመደ ደግሞ ሐረጉን ከዶቃው ጋራ ቢያዋድደው የሚከለክለው የለም፤ እኛ እንደምናየው ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይስማማሉ።

ለአዲስ ዓመት ካርድ አንድ ሊቃውንታዊ ጌጥ እንጨምር። ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ፤ ሊቃውንቱም ለማቴዎስ ገጸ ሰብእን፣ ለማርቆስ ገጸ አንበሳን፣ ለሉቃስ ገጸ ላሕምን፣ ለዮሐንስ ገጸ ንስርን ይሰጣሉ። የዓመቱን ወንጌላዊ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 ክፈሉ፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ቢሆን ማርቆስ፣ 3 ቢሆን ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢካፈል ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2019 ዓ.ም. ሲደመር 7519 ይሆናል፣ ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ በፍጻሜውም ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። አራቱን ገጻት አንድ ጊዜ የቀረጸ ሰው ማኅተሞቹን በተራ እያወጣ ዕድሜውን ሙሉ ይጠቀምባቸዋል። የሉቃስን ላሕም ለመቅረጽ ደግሞ ከኑዌር ልጆች የተሻለ የሚችል አይገኝም፤ በኑዌር ዘንድ ጎልማሳ በሚወደው ሰንጋው ስም ይጠራል፣ የከብቱም ቀለም በየት በየት ቦታ እንደ ተከፋፈለ የሚለዩበት ቃል እጅግ ብዙ ነውና፣ ግንባሩ ነጭ፣ ጎኑ ዝንጉርጉር የሆነውን በሬ ከነልዩነቱ በሁለት ማኅተም ያወጡታል።

አሁን ወደ ጽሕፈቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ማኅተም ሁሉ የሚያትመው ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ስለ ሆነ፣ ፊደሉ ተገልብጦ ካልተቀረጸ ተገልብጦ ይነበባል። በ እና ተ ቢገለበጡ እምብዛም አያስታውቁም፤ የቡ፣ የቢ እና የቤ ምልክት ግን በቀኝ ጎን የሚቀጠል ስለ ሆነ ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። መላው ቀላል ነው። በስስ ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ አጥቁራችሁ «መልካም አዲስ ዓመት» ብላችሁ እንደ ወትሮው ጻፉ፤ ወረቀቱን በፊቱ ደፍታችሁ በስፖንጁ ላይ አኑሩትና ጀርባውን በማንኪያ ሆድ እሹት። እርሳሱ በስፖንጁ ላይ ተገልብጦ ይቀራል፤ እናንተም ያንን ተከትላችሁ ትቆርጣላችሁ። በላቲን ፊደል በሚጻፉት በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ሰላምታውን መጻፍ የሚፈልግም መንገዱ ይኸው ነው። ረጅም ቃል ግን አትቀርጹ፤ ረጅሙን በብዕር መጻፍ ይሻላል፣ ማኅተሙ ለርእሱ ይበቃል።

ቀለምን በተመለከተ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው የማኅተም ቀለም ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር ነው፤ ሌላውን ከቤት ማግኘት ይቻላል። እርድ ቢጫ ይሰጣል፣ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ቶሎ ስለሚደበዝዝ ለግድግዳ አይሆንም። የቀላ አፈር በጨርቅ ተነፍቶ፣ ወፍራም የቡና ዝቃጭ ተጠልሎ፣ ከሰል ደቅቆ፣ ሁሉም በውኃ በሟሟ የግራር ሙጫ ሲለወስ ይይዛል፤ ቁም ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ውፍረቱ እንደ እርጎ ይሁን። ቀለሙን በሣሕን አፍስሳችሁ ማኅተሙን አትንከሩበት፤ በስፖንጅ ቁራጭ ላይ አጠጡትና በእርሱ ላይ ማኅተሙን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉት። መጀመሪያም በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ሞክሩት፤ የመጀመሪያው እትም ብዙውን ጊዜ ቀለም የበዛበት ነው።

ወረቀቱ ጠንከር ያለ ይሁን። ርዝመቱ 29.7፣ ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር የሆነውን የጽሕፈት ወረቀት በመካከሉ ብትቆርጡት ሁለት ካርድ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ ሲታጠፍ 14.8 በ10.5 ያህል ይሆናል። ከማጠፋችሁ በፊት በማስመሪያ ላይ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ ወይም በደነዘ ወስፌ መስመር ጫን ብላችሁ አስምሩ፤ የብራና ጸሐፊዎች መስመራቸውን የሚያወጡት በዚሁ ዓይነት ያለ ቀለም ነው፣ ወረቀቱም በዚያ መስመር ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። የታተመው እስኪደርቅ አታጥፉት። በክረምት የጋምቤላ አየር ርጥበት የበዛበት ስለ ሆነ፣ ከሰዓት በኋላ የታተመ ካርድ ማታ ላይ ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥላችሁ አሳድሩት፣ ጠዋትም ከመጻሕፍት በታች ተጭኖ ይዋል፣ ጥቅልሉ ይፈታለታል። በስንዴ ዱቄት የተሠራ ኮላ ጉንዳንና ምስጥ ስለሚጠራ፣ ብዙ ጊዜ ለሚቀመጥ ካርድ የግራር ሙጫ ይመረጣል።

የቀረው ፖስታው ነው። ከካርዱ በየአቅጣጫው ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ አድርጋችሁ ከመጠቅለያ ወረቀት ቁረጡና እጠፉት፤ የቆርኬውን ማኅተም በትንሹ ቀርጻችሁ ክዳኑ ላይ ብታሳርፉበት ያምርበታል፣ ነገር ግን ፊቱን ለአድራሻው ብቻ ተዉለት፣ የቀኙን የላይኛ ማዕዘን ለቴምብሩ። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ስለ ሆነ፣ የተቀባዩን ስም፣ የፖስታ ሣጥኑን ቁጥርና የከተማውን ስም አጥርታችሁ ጻፉ፤ ሣጥን የሌለው ዘመድ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ወይም በሚማርበት ትምህርት ቤት ሣጥን ይላክለታል። በእንቁጣጣሽ እንዲደርስ የምትሹት ካርድ ነሐሴ ሳይጋመስ ለፖስታ ቤት ይሰጥ፤ በቅርብ ላለው ጎረቤት የሚሆነውን ግን ልጆቹ በማለዳ ራሳቸው ያድርሱት። በሚመጣው ዝግጅታችን የመጽሐፍ ጥራዝ አሠራርን ስለምናስተምር፣ መርፌ፣ ጠንካራ ክርና አሮጌ ካርቶን አዘጋጅታችሁ ጠብቁን።